ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ቡና የትውልድ ስፍራና ጣዕም፤ ጣዕሙንም ጠብቆ ስለ መያዝ

ባሕር ማዶ ያለ የቡና ነጋዴ ጥሬ ቡና ሊገዛ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቡናው በየት ስፍራ እንደ በቀለ ነው። ይርጋ ጨፌ፣ ሐረር፣ ሲዳማ፣ ሊሙ፣ ኔሪ፣ ኪሊማንጃሮ የሚባሉት ስሞች በቡና ገበያ እንደ ማኅተም ይቈጠራሉ፤ በጆንያው ላይ የተጻፈው ስም እንደ መክበሩና እንደ መዋረዱ መጠን የገበሬው ዋጋ ይጨምራል፤ ወይም ይቀንሳል። ይህም ልዩነት ከነጋዴዎች ወሬ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ቡና ከብዙዎቹ የእርሻ ፍሬዎች ይልቅ የበቀለበትን ምድርና የያዘውን ሰው እጅ በጣዕሙ የሚመሰክር ፍሬ ስለ ሆነ ነው።

በኢትዮጵያ ከሚገኘው ቡና ከመቶው 95 ያህሉ የሚመጣው ከትንንሽ ማሳዎች ነው። ባላገሩ ዓመት ሙሉ የደከመበት ፍሬ ከዛፉ ከወረደበት ሰዓት ጀምሮ ወደ መጋዘን እስከሚገባበት ቀን ድረስ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ መልካም ስሙን ያገኛል፤ ወይም ያጣል። ስለዚህ ቡና የሚበቅልበት ወረዳ በአደራ የተሰጠው ሹም የወረዳው ቡና ምን ዐይነት ጣዕም እንዳለው፣ ያም ጣዕም ከምን እንደሚመጣና በምን እንደሚጠፋ ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል። ግብሩንና መንገዱን ብቻ ተቈጣጥሮ ይህን ያላወቀ ሹም ግን የሕዝቡ ሀብት ከደጁ ሲባክን ሳያየው ይቀራል።

ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው በመጀመሪያ ስለ ቡና ዘር፣ ቀጥሎም ጣዕም ስለሚመጣበት ምክንያት፣ ከዚያም ስለ ኢትዮጵያና ስለ ጎረቤቶቿ የቡና አገሮች፣ በመጨረሻም ሹማምንት ስለሚጠብቁት ነገር በአጭሩ ይገልጻል። ዓመቶቹ ሁሉ የተቈጠሩት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ስለ ቡና ዘርና አመጣጥ

በዓለም ገበያ የሚሸጠው ቡና በሁለት ታላላቅ ዘሮች ይከፈላል፤ አንደኛው ዐረቢካ፣ ሁለተኛው ሮቡስታ ይባላል። ዐረቢካ የደጋማና የወይና ደጋ ተክል ነው፤ መዓዛው ያማረ፣ ጣዕሙ የለሰለሰ ስለ ሆነ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ሮቡስታ ዝቅ ባለና በሞቀ ምድር የሚበቅል፣ በሽታን የሚችልና ብዙ የሚያፈራ ነው፤ ጣዕሙ ግን መራራና ከባድ ስለ ሆነ በአብዛኛው ከሌላ ቡና ጋራ እየተቀላቀለ ይጠጣል፤ ወይም በውሃ ወዲያው የሚሟሟውን የቡና ዱቄት ለመሥራት ይውላል። እንቅልፍን የሚያባርረው ካፌይን የተባለው ነገር በዐረቢካ ፍሬ ውስጥ ከመቶ እጅ 1.2 ያህል ሲሆን በሮቡስታ ውስጥ 2.2 ያህል ነው።

ዐረቢካ የሚለው ስም የወጣው ከዐረብ አገር ስም ነው። የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔዎስ በ1753 ተክሉን በዚህ ስም ሲጠራው የአውሮጳ ሊቃውንት ቡናን የሚያውቁት በየመን በኩል ስለ ነበረ ነው። እውነተኛው የትውልድ ስፍራው ግን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለው የከፋ፣ የሸካ፣ የቤንች፣ የኢሉባቦርና የጅማ ጫካ ነው። ከዚህ በቀር የጫካ ዐረቢካ በደቡብ ሱዳን በቦማ አምባና በሰሜን ኬንያ በማርሳቢት ተራራ ተገኝቷል። የከፋና የያዩ ጫካዎች በ2010 በዩኔስኮ ከተመዘገቡት የተፈጥሮ መጠበቂያ ስፍራዎች ጋራ መቈጠራቸውም ስለዚህ ነው፤ በእነዚህ ጫካዎች ያለው ልዩ ልዩ የቡና ዘር በሌላ አገር አይገኝምና።

ቡና ከኢትዮጵያ ወደ የመን ተሻገረ፤ ከየመንም በሞካ ወደብ በኩል ወደ ዓለሙ ሁሉ ወጣ። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ፈረንሳዮች ከየመን ወስደው በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው በያኔዋ ቡርቦን በዛሬዋ ሬዩንዮን ደሴት ተከሉት። ቈይቶም የፈረንሳይ ሚስዮናውያን ከዚያች ደሴት የወጣውን ዘር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አመጡት፤ በ1893ም በኬንያ በቡራ ተተከለ። እንግዲህ ነገሩ የሚያስደንቅ ነው፤ ቡና ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ድንበርተኛዋ ለሆነችው ለኬንያ የደረሰው በየብስ አይደለም፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ ውቅያኖሱን ዞሮ ነው። የኬንያ፣ የታንዛንያ፣ የሩዋንዳና የቡሩንዲ ዐረቢካ ሁሉ ከኢትዮጵያው ጋራ የአንድ አባት ልጆች ናቸው ማለት ነው። ዝምድናቸው እንዲህ ከሆነ ጣዕማቸው ስለ ምን ተለያየ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ጣዕም ከምን እንደሚመጣ

አስቀድሞ የቡና ቀማሾች እንዴት እንደሚፈርዱ ማወቅ ያስፈልጋል። ቡናውን ሳያጠቍሩ በልኩ ይቈሉታል፤ ይፈጩትና በየሲኒው በልክ ይጨምሩታል፤ የፈላ ውሃ አፍስሰው አራት ደቂቃ ያህል ከታገሡ በኋላ ከላይ የተንሳፈፈውን በማንኪያ ገልጠው መዓዛውን ያሸታሉ፤ ሲበርድም በማንኪያ እየማጉ ይቀምሱታል። የሚመረምሩትም መዓዛውን፣ ጣፋጭነቱን፣ እንደ ሎሚ ምላስን የሚያነቃውን ኮምጣጣነቱን፣ በአፍ ውስጥ የሚሰማውን ክብደቱን፣ ከተዋጠም በኋላ የሚቀረውን ጣዕም ነው። ከ100 ነጥብ ውስጥ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ልዩ ጣዕም ያለው ቡና ተብሎ ከተራው ቡና ተለይቶ ይሸጣል። ኮምጣጣነት ሲባል ቡናው ተበላሽቶ ሆመጠጠ ማለት እንዳይመስል፤ በልክ ሲሆን ከሁሉ የሚመሰገነው ጠባይ እርሱ ነው።

የጣዕሙ ምክንያቶች አራት ናቸው።

አንደኛው የምድሩ ከፍታ ነው። በከፍተኛ ስፍራ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የቡናው ፍሬ ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ቀስ ብሎ የበሰለ ፍሬም ውስጡ ጠንካራ፣ ጣፋጭነቱና ኮምጣጣነቱ የበዛ ይሆናል። በዝቅተኛና በሞቃት ስፍራ ፈጥኖ የበሰለው ግን ፍሬው ልል፣ ጣዕሙም የደበዘዘ ነው።

ሁለተኛው አፈሩ፣ ዝናሙና ጥላው ነው። ከእሳተ ገሞራ የመጣ ጥልቅ ቀይ አፈር፣ በጊዜው የሚዘንብ ዝናምና ለመልቀሚያ የሚሆን የበጋ ወራት ለቡና የተስማሙ ናቸው። የጥላ ዛፍም የፀሐዩን ግለት አብርዶ ፍሬው እንዳይቸኩል ያደርጋል።

ሦስተኛው ዘሩ ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር ጌሻ የሚባለው ቡና ነው። ይህ ዘር በ1930ዎቹ ዓመቶች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በጌሻ አካባቢ ከነበረ ጫካ ተለቅሞ ወደ ኬንያና ወደ ታንጋኒካ ሄደ፤ በ1953 ወደ ኮስታ ሪካ፣ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻገረ። ለብዙ ዓመት ፍሬው አነስተኛ ነው ተብሎ ሳይታሰብ ቀረ። በ2004 ግን አንድ የፓናማ እርሻ ይህን ቡና ለብቻው ለይቶ በውድድር ላይ ባቀረበው ጊዜ ቀማሾች በአበባ መዓዛው ተደንቀው አንደኛ አደረጉት፤ አንዱ ፓውንድም በ21 ዶላር ተሸጠ፤ ይህም በዚያ ጊዜ ተሰምቶ የማይታወቅ ዋጋ ነበር። ከቤንች ጫካ የወጣው ዘር ሌላውን አገር ያከበረው ተለይቶ ስለ ተያዘ ነው፤ ከሌላው ጋራ ተቀላቅሎ ሲሸጥ በኖረበት ዘመን ግን ማንም አላወቀውም ነበር።

አራተኛው የሰው እጅ ነው። ከፍታውንና አፈሩን እግዚአብሔር የሰጠ ነው፤ ዘሩም ካባቶች የተወረሰ ነው፤ አለቃቀሙ፣ አስተጣጠቡ፣ አደራረቁና አቀማመጡ ግን በየዓመቱ የሚሠራ የሰው ሥራ ስለ ሆነ የሹም ትጋት የሚያስፈልገው በዚህ በኩል ነው።

ቡና በሁለት መንገድ ይዘጋጃል። በመጀመሪያው መንገድ ቀዩ እሸት በተለቀመበት ቀን በመፈልፈያ መኪና ይላጣል፤ ማር የመሰለው ልጋግ እንዲለቅ በገንዳ ውስጥ እንደ ስፍራው ቅዝቃዜ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ያህል ይብላላል፤ በንጹሕ ውሃ ታጥቦም ከነስስ ቅርፊቱ በአልጋ ላይ ይደርቃል፤ ይህ የታጠበ ቡና ይባላል። በሁለተኛው መንገድ ቀዩ እሸት ሳይላጥ ከነሥጋው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያህል ይደርቃል፤ የደረቀው ጀንፈል ከዚያ በኋላ ይፈለፈላል። የታጠበው ቡና ጣዕሙ የጠራና የነቃ ነው፤ በጀንፈል የደረቀው የፍሬው ሥጋ ጣፋጭነት ስለሚሰርጸው ክብደት ያለውና የፍራፍሬ ጣዕም የሚበዛበት ነው። ሁለቱም በጥንቃቄ ከተሠሩ መልካም ናቸው፤ በቸልታ ከተሠሩ ሁለቱም ይበላሻሉ።

የኢትዮጵያ የቡና ስፍራዎች

ይርጋ ጨፌ በጌዴኦ ዞን ያለ ነው። ቡናው ከ1,700 እስከ 2,200 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ከእንሰት ጋራ ተሰባጥሮ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ይህ የጌዴኦ ሕዝብ የምድር አያያዝ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የታጠበው የይርጋ ጨፌ ቡና ቀለል ያለ ሆኖ የጃስሚን አበባና የሎሚ ልጣጭ መዓዛ አለው፤ ሲጠጣ ሻይን የሚያስታውስ ጥራት ይሰማል። በዓለም ገበያ የኢትዮጵያን ቡና ስም ከፍ ካደረጉት ውስጥ ይህ ዋነኛው ነው።

ሲዳማ ከ2020 ጀምሮ ራሱን የቻለ ክልል ነው። ከዳሌና ከአለታ ወንዶ እስከ በንሳ ደጋማ ስፍራዎች ድረስ የሚገኘው ቡናው ጣፋጭና የተመጣጠነ፣ ኮምጣጣነቱም ደስ የሚያሰኝ ነው። በስተ ደቡብ ያለው የጉጂ ቡና ለብዙ ዘመን ሲዳሞ በሚለው ስም ተጠቅልሎ ሲሸጥ ኖሯል፤ የሐምበላ፣ የከርቻ፣ የኡራጋና የሻኪሶ ቡና ተለይቶ በተቀመሰ ጊዜ ግን እንደ ኮክና እንደ እንጆሪ ያለ ጣዕሙ ስለ ታወቀ ዛሬ በራሱ ስም ይፈለጋል። ይህም አንድ ስፍራ ስሙን ለይቶ ማቅረቡ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያሳያል።

ሐረር ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ ተራሮች ውሃ ስለሚያንስ ቡናው ከጥንት ጀምሮ በጀንፈል ይደርቃል፤ ፍሬው ወደ ቢጫነት ያዘነብላል፤ ጣዕሙም ክብደት ያለውና የወይን ጠጅን የሚያስታውስ ነው። የውጭ አገር ሰዎች የሞካ ጣዕም ብለው የለመዱት ይህን የመሰለውን ነው። በዚያ አገር ግን ጫት ፈጥኖ ገንዘብ ስለሚያስገኝ ብዙ ገበሬ ቡናውን እየነቀለ ጫት ተክሏል፤ የሐረርን ቡና ስም መጠበቅ ማለት ለገበሬው ከጫት የማያንስ ዋጋ እንዲደርሰው ማድረግ ማለት ነው።

በምዕራብ በኩል የሊሙ ቡና በአብዛኛው የታጠበ ሆኖ ለስላሳና የተመጣጠነ ነው፤ የወለጋው፣ በገበያ ለቀምት ተብሎ የሚታወቀው፣ ፍሬው ትልልቅ፣ ጣዕሙም የፍራፍሬ ነው፤ በጊምቢ ዙሪያ ይበዛል። ቴፒና በበቃ ሰፋፊ እርሻዎች ያሉባቸው ዝቅ ያሉ ስፍራዎች ናቸው። በባሌ የሐረና ጫካ እስከ ዛሬ ሳይተከል የበቀለ ቡና ይለቀማል። በሰሜንም በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ በገዳማቱ ዙሪያ ቡና ከጥንት ጀምሮ ይበቅላል፤ የአገሩ ሰዎች ከአቡነ በትረ ማርያም በትር የተገኘ ነው ብለው ይተርካሉ። ስለ ጅማ ግን ከዚህ በታች ለብቻው ይነገራል።

የጎረቤት አገሮች ቡና

ኬንያ። ቡናው የሚበቅለው በኬንያ ተራራና በአበርዴር ሰንሰለት ግርጌ ባለው ቀይ አፈር ላይ፣ በኔሪ፣ በኪሪንያጋ፣ በሙራንጋና በኪያምቡ ነው። ኤስ ኤል 28 የሚባለው ዘር በ1930ዎቹ በናይሮቢ አጠገብ በነበረው በስኮት የእርሻ መመርመሪያ ተመርጦ የወጣ ነው፤ ጣዕሙም ብርቱ ኮምጣጣነት ያለውና ጥቍር እንጆሪን የሚመስል ስለ ሆነ ቀማሾች ዐይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል። የኬንያ ገበሬ እሸቱን ወደ ማኅበሩ መፈልፈያ ሲያመጣ ያልበሰለውንና የተበላሸውን እዚያው በደጃፉ ላይ እየለየ ያስረክባል፤ ቡናውም በፍሬው ትልቅነት ተነፍቶ በደረጃ ይከፈላል። የኬንያ ቡና ከኢትዮጵያው እጅግ ያነሰ መጠን ሆኖ ሳለ ስሙ የጸናው በዚህ ሥርዐት ነው።

ታንዛንያ። ዐረቢካ በኪሊማንጃሮና በአሩሻ፣ በደቡብም በምቤያና በምቢንጋ ይበቅላል፤ ሮቡስታ በቪክቶሪያ ሐይቅ ምዕራብ በካጌራ ነው። የኪሊማንጃሮ የቻጋ ገበሬዎች በ1933 ያቋቋሙት የኅብረት ማኅበር በአፍሪካ ካሉት ጥንታውያን የቡና ማኅበሮች አንዱ ነው። ቡናቸው ከኬንያው የለዘበ፣ ንጹሕና መካከለኛ ክብደት ያለው ነው።

ኡጋንዳ። ከሌሎቹ የምትለየው ከቡናዋ አብዛኛው ሮቡስታ በመሆኑ ነው፤ ሮቡስታም በዚያ አገር ጫካ በተፈጥሮ የሚበቅል ነው። የቡጋንዳ ሰዎች ቡና መጠጥ ከመሆኑ አስቀድሞ ፍሬውን ያኝኩት ነበር፤ ሁለት ሰዎች ወንድማማችነት ሲዋዋሉም ፍሬውን ተካፍለው ይበሉ ነበር። ዐረቢካዋ በኤልጎን ተራራ በቡጊሱና በሩዌንዞሪ ተራራ ይበቅላል።

ሩዋንዳና ቡሩንዲ። በእነዚህ አገሮች የሚበዛው የቡርቦን ዘር ነው፤ ጣዕሙ ጣፋጭና ለስላሳ ሆኖ ብርቱካንን ያስታውሳል። የሩዋንዳ ነገር ለሹማምንት ትልቅ ትምህርት ነው። በ2000 ገደማ የአገሪቱ ቡና ማለት ይቻላል ሁሉም ገበሬው በየቤቱ እያጠበ የሚሸጠው ተራ ቡና ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥቱና የገበሬ ማኅበሮች የማጠቢያ ጣቢያዎችን እያቋቋሙ ከ200 በላይ አደረሷቸው፤ በ2008ም በአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነው ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ውድድር በሩዋንዳ ተደረገ። ቡና ከኢትዮጵያ በወጣ አገር ይህ ሲሆን ይኸው ውድድር በኢትዮጵያ የተጀመረው በ2020 ነው። ነገር ግን ሩዋንዳና ቡሩንዲም ችግር አለባቸው፤ አንቴስቲያ የሚባለው ተባይ ፍሬውን ሲወጋው ቡናው የጥሬ ድንች ሽታ ያመጣል። ለጤና አይጐዳም፤ ነገር ግን አንዲት የታመመች ፍሬ አንድ ሙሉ ሲኒ ታበላሻለች። ስለዚህ እሸቱን በውሃ ላይ እያንሳፈፉና በእጅ እየለቀሙ ይለያሉ።

የጅማ ቡና ምሳሌ

ካያያዝ ይቀደዳል፤ ካነጋገር ይፈረዳል እንደሚባለው ሁሉ፣ ስም በአያያዝ እንደሚጠፋ የጅማ ቡና ያስረዳል። ጅማ የቡና ትውልድ ከሆኑት ጫካዎች መካከል ያለ አገር ነው፤ ከፍታው፣ ዝናሙና አፈሩ ለቡና የተመረጠ ነው። ነገር ግን ለብዙ ዘመን ገበሬው ቀዩንና አረንጓዴውን በአንድነት ከቅርንጫፉ እየገፈፈ፣ በባዶ መሬት ላይ ወይም በጎጆው ደጅ እያሰጣ፣ ዝናም ሲመታው እንደ ገና እያደረቀ ይሸጥ ነበር። በዚህም ምክንያት ጅማ የሚለው ስም በገበያ የአፈር ጣዕም ያለበት፣ ከሌላ ቡና ጋራ የሚቀላቀል ዝቅተኛ ደረጃ ቡና ስም ሆነ። የዐረቢካ እናት የሆነች ምድር ስሟን ያጣችው በምድሯ ጕድለት ሳይሆን ባልተሠራ አልጋና ባልተለየ እሸት ነው።

ስሙም ሊመለስ እንደሚችል ያው አገር አሳይቷል። በጎማ ወረዳ በአጋሮ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች በ2010 ዱሮሚና የሚባል ማኅበር አቋቁመው ማጠቢያ ጣቢያ ተከሉ። ዛፋቸው ያው የቀድሞው ዛፍ ነበረ፤ የለወጡት ቀዩን ብቻ መልቀምን፣ በዕለቱ መፈልፈልንና በአልጋ ላይ ማድረቅን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2012 ቡናቸው በአፍሪካ የቡና ውድድር ላይ በዳኞች ዘንድ ከሁሉ በላጭ ሆኖ ተመረጠ። ምድሩ ያው፣ ዘሩ ያው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው፤ የተለየው አያያዙ ብቻ ነው።

ስም ንብረት መሆኑን መንግሥትም ዐውቆ በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡለት አመለከተ፤ ከክርክር በኋላም በ2007 ስታርባክስ ከተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ጋራ ስለ ስሞቹ ስምምነት ተደረገ። በአገር ውስጥም በ2008 የተቋቋመው የምርት ገበያ ቡናን በየክፍሉና በየደረጃው አንድ ላይ አድርጎ ይሸጥ ስለ ነበረ የየጣቢያው ስም ይጠፋ ነበር፤ በ2017 የወጣው ሕግ ግን ቡናው ከየት እንደ መጣ ታውቆ እንዲሸጥ መንገድ ከፈተ። የአውሮጳ ኅብረትም በ2023 ባወጣው ደንብ ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ተለይቶ እንዲታወቅና ደን ተመንጥሮ ያልተተከለ መሆኑ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፤ ደንቡ የሚጸናበት ቀን ቢገፋም ዝግጅቱ በየወረዳው መፈጸም ያለበት ነው። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ክብሩም ውርደቱም በደፈናው ለአገሩ ሁሉ የሚደርስ አይደለም፤ በየቀበሌውና በየጣቢያው ስም የሚጻፍ ነው።

ለሹማምንት ማሳሰቢያ

በየወረዳው ያሉ ሹማምንት የሚከተለውን እንዲጠብቁ ያስፈልጋል።

1ኛ፤ ቀዩ ብቻ እንዲለቀም። በአንድ ቅርንጫፍ ያለው ፍሬ እኩል ስለማይበስል ለቃሚው ሦስትና አራት ጊዜ መመለስ አለበት። ገበሬው አረንጓዴውን የሚገፍፈው ሌባ ስለሚፈራ ወይም ገንዘብ ስለ ቸገረው ነው፤ ስለዚህ የማሳ ጥበቃን ማደራጀትና ማኅበሮች ቅድሚያ ክፍያ የሚያገኙበትን መንገድ ማበጀት ከምክር ይልቅ ይረዳል።

2ኛ፤ እሸቱ በተለቀመበት ቀን ወደ መፈልፈያው እንዲደርስ። በጆንያ ታፍኖ ያደረ እሸት ይቦካል፤ የቦካውም ጣዕም በማናቸውም እጥበት አይለቅም። በመልቀሚያ ወራት የተበላሸ መንገድ ማለት የተበላሸ ቡና ማለት ነው።

3ኛ፤ ቡና በመሬት ላይ እንዳይሰጣ። ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ በስሱ ተነጥፎ እየተገላበጠ ይድረቅ፤ በቀትር ፀሐይ፣ በሌሊትና በዝናም ጊዜ ይሸፈን፤ በውስጡ የሚቀረው እርጥበት ከመቶ እጅ 12 እስኪሆን ድረስ ወደ መጋዘን አይግባ።

4ኛ፤ የአንዱ ስፍራ ቡና ከሌላው እንዳይቀላቀል። ዝናው የከበረውን ስም ለማግኘት ሲሉ ዝቅተኛውን ቡና ከሌላ ወረዳ በሌሊት የሚያመጡ አሉ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው የሚሰርቀው ገዢውን ብቻ አይደለም፤ የወረዳውን ገበሬ ሁሉ ስም ነው። ቡናው ከቤንዚን፣ ከቆዳና ከቅመም ጋራም አይቀመጥ፤ ፍሬው ሽታ ይስባልና።

5ኛ፤ ችግኝ ሲታደል ለስፍራው የተመረጠው ዘር እንዲሰጥ። የቡና ፍሬን የሚያጠቍረው በሽታ በ1922 በኬንያ ተገኝቶ በ1971 ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ የጅማ የእርሻ ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚችሉ ዘሮችን ከደቡብ ምዕራብ ጫካዎች መርጦ አወጣ፤ ብዙ ገበሬም ዳነ። ነገር ግን የምዕራቡ ዘር ለሐረርና ለሲዳማ ምድርና ጣዕም ሁልጊዜ የሚስማማ ስላልሆነ ምርምሩ ከየአገሩ ዘር ለየአገሩ ወደ መምረጥ ተመልሷል። ያረጀው ዛፍም ተጐንድሎ እንዲታደስ ገበሬውን ማስረዳት ይገባል፤ የተጐነደለ ዛፍ ለጥቂት ዓመት ፍሬ ስለማይሰጥ ግን ማሳውን በየክፍሉ በተራ እንዲጐነድል ይመከር።

6ኛ፤ ገበሬው የገዛ ቡናውን እንዲቀምስ። አብዛኛው ባላገር ያዘጋጀው ቡና በገዢው ዘንድ ምን እንደ ተባለ ሳይሰማ ይኖራል። የማኅበሩ ቡና ተቀምሶ ያገኘው ነጥብና የተገኘበት ጕድለት ለአባላቱ በግልጽ ይነበብላቸው፤ ደኅናው ከመጥፎው ጋራ ጎን ለጎን ተፈልቶ ይቅመሱት። በምላሱ የለየውን ሰው ሁለተኛ ማስተማር አያስፈልግም።

ይህም ሁሉ ሥራ የሚሠራው ፍሬው ከመቅላቱ በፊት ነው። አልጋው ሳይጠገን፣ ምንጣፉ ሳይገዛ፣ መፈልፈያው ሳይታይ፣ የማጠቢያው ውሃ ሳይዘጋጅ የመልቀሚያው ወራት ከደረሰ ያን ዓመት የሚያድነው ነገር የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ የቡና ወረዳ ሹም ከመስከረም በፊት የማኅበሮቹን አለቆችና የቀበሌውን ሽማግሌዎች ሰብስቦ ይህን ቃል በየአገሩ ቋንቋ እንዲያነብላቸው፣ በየጣቢያው ያለውን አልጋ ቈጥሮ የጎደለውን እንዲያስሞላ ያስፈልጋል።